ቀይ የተቀባው ፊዮርድ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ዛሬም ያው። አባዬን ከአልጋ አነሳሁ፣ አለበስኩ፣ ዳቦውን በቡናማ አይብ ቆራርጬ ሰጠሁት። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም። ለአረጋውያን መኖሪያ ቤት ወረፋው ረጅም ነው፤ ቢደርሰንስ ይሄዳል? ከቤቴ በሬሳ ሣጥን ብቻ ብሏል።

ከዚያ ወደ ሥራ፣ ማለትም ወደ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ። የባሕሩን ሙቀት፣ ጥልቀት፣ ዓሣ ነባሪ የታየበትን ቦታ ለኮምፒውተሩ እመግበዋለሁ፤ እሱ ደግሞ የት እንደሚመቻቸው ካርታ ላይ በቀለም ያሳየኛል። የሚመቻቸው ቀይ፣ የማይመቻቸው ፈዛዛ ሰማያዊ። የኛ ፊዮርድ፣ ይሄ ተራሮች መሃል ገብቶ የቀረ ባሕር፣ ደም የመሰለ ቀይ ነው።

ወንድሜ ትሪግቬ ያንን ካርታ አሳትሞ አዲሷ ጀልባው ላይ ለጥፎታል። ስንት ዓመት የሠራበትን የዓሣ መርከብ ለቆ፣ ዓሣ ነባሪ ሊያዩ የሚመጡ ቱሪስቶችን ላዙር ብሎ። "እህቴ የሠራችው ነው" ይላል ላገኘው ሁሉ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 13

ዓሣ ነባሪዎቹ አልመጡም። አምና ይሄኔ ሲተነፍሱ መኝታ ቤቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር።

እራት ላይ ትሪግቬ፣ "እነዚህ ዘመዶችሽ ሰዓት አያውቁም እንዴ?"

"አንዳንዴ ይዘገያሉ።"

"ቀይ ነው አላልሽም?"

ቀይ ነው። ባሕሩ ይስማማቸዋል። ግን የሚመጡት የሄሪንግ ዓሣውን ተከትለው ነው… የሄሪንጉን መረጃ ደግሞ ያስገባሁት ካለፉት ዓመታት ነው። አምና የመጣ እንግዳ ዘንድሮም ይመጣል ብሎ እንደ መደገስ። ይመቻቸዋል ማለት ይመጣሉ ማለት አይደለም። ይህን እንዴት ብዬ ልንገረው?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 22

ከበርገን ኢሜይል! ያመለከትኩበት የምርምር ተቋም ቦታውን ሰጠኝ። ከጃንዋሪ ጀምሮ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ ደጋግሜ አነበብኩት። ቋሚ ሥራ፣ የራሴ ቢሮ፣ ሰው ያለበት ከተማ።

ለትሪግቬ አሳየሁት። ፊቱ በራ። "ሂጂ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"አባዬስ?"

"እኔ የት ሄጄ?"

ፊዮርዱ ባዶ፣ እሱ ደስተኛ። እኔ ደግሞ የካርታውን ነገር ሳልነግረው ሳህን አጠብኩ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ፀሐይ ዛሬ ተሰናበተች፤ እስከ ጃንዋሪ አትወጣም።

ትሪግቬ ለምኖኝ አስጎብኚ ሆኜ ወጣሁ። ቱሪስቶቹ ጀርመኖች ናቸው፣ እንዳይሰምጡ የሚለበሰውን ወፍራም ልብስ ለብሰው መራመድ አቅቷቸዋል። አንዲት ሴትዮ ካርታውን በጣቷ ነክታ፣ "ቀዩ ውስጥ ነን አይደል?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ታዲያ የት አሉ?"

ጥቁር ውሃ፣ ግራና ቀኝ ተራራ። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። ትሪግቬ ትኩስ ቸኮሌት እያደለ ያስቃቸዋል።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6

ዓሣው የት እንዳለ የሚያስሰው የምርምር መርከብ መረጃ ደረሰኝ። ሄሪንጉ ሰሜን ነው፣ ዓሣ ነባሪዎቹም እዚያው። በትሪግቬ ጀልባ አንድ ሙሉ ቀን መንገድ፣ ከቱሪስት ጋር የማይታሰብ። በአዲሱ መረጃ እንደገና አሰላሁት። ፊዮርዳችን ፈዛዛ ሰማያዊ ሆነ።

ነገ እነግረዋለሁ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 7

ነገርኩት። ከጀልባዋ ላይ በረዶ እየጠረገ ነበር። እስክጨርስ መጥረጉን አላቆመም።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ዘንድሮ አይመጡም።"

"ወደ መርከቡ ልመለሳ።" አካፋውን አቆመ። "ስድስት ሳምንት ባሕር፣ ሁለት ሳምንት ቤት።"

"አባዬስ?"

ጓንቱን አወለቀ። ከዚያ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ፣ "ጀልባዋን ለምን የገዛሁ መሰለሽ? ቱሪስት ወድጄ? ማታ ማታ ቤቴ ልገባ ነው። አባዬን እኔ ልይዝ። አንቺ እንድትሄጂ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ እሺ ትዪ ነበር?"

አልልም ነበር።

ተናደድኩ። በእሱ፣ በካርታው፣ በራሴ፣ በሄሪንጉ ሳይቀር። ጀልባዋ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እሱ በረዶውን መጥረግ ቀጠለ፣ ምን ያድርግ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 15

ለበርገን ጻፍኩ። አመሰግናለሁ፣ አልችልም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 9

ትሪግቬ ሄደ። ወደቡ ላይ አቅፎኝ መርከቡ ላይ ወጣ። ጀልባዋን ሸራ አልብሷታል።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

ቀኑን ሙሉ ነፋስ። ከቤት አልወጣሁም።

እራት ላይ አባዬ ማንኪያውን አስቀምጦ አየኝ። ቃላቱን እየጎተተ፣ "የበርገኑን ነገር ትሪግቬ ነግሮኛል" አለ። "እኔን ጥለሽ መሄድ አንጀትሽ አልቻለም፣ አይደል?"

ያስቀረኝ ያልመጣው ሄሪንግ ነው እንጂ አንጀቴ አይደለም። ለአፍታ ጠላሁት። አባቴን። ከዚያ ዓይኑን አየሁ፣ እንባ አቅርሯል። ደስታ ነው… ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሆኖ አላየሁትም።

"አዎ አባዬ" አልኩት። ሾርባ ጨመርኩለት።