ሾፌሮቹ ቤታችንን የሚጠሩበት ስም

ሚያዝያ 11
ዛሬም ግቢ ውስጥ ተደባደቡ። ሁለት የመኪና ረዳቶች፣ ለአንዲት የዛፍ ጥላ። አንዱ የአንዱን ጆሮ ነክሶ ደሙ በረንዳዬ ላይ ተንጠባጠበ። ከበርሜሉ ውሃ ቀድቼ ደፋሁባቸው። ሎጊያ ውስጥ የበርሜል ውሃ በቀኑ ሙቀት ሻይ ይወጣዋል... እየጮሁ ሮጡ።
ግማሹ አልጋ ባዶ ነው። ማዶ የተከፈተው ሆቴል በላን። ድሮ ሾፌር ሆዱ ሲጠራው ይቆም ነበር። አሁን የሚቆመው ስልኩ ሲነግረው ነው።

ሚያዝያ 14
የልጅ ልጄ ትዝታ ከሰመራ መጣች። ኮምፒውተር ነው የተማረችው። ለአልጋ ቤታችን ድረ ገጽ ልትሠራ።
"እማ፣ ሰው ስልኩ ላይ ምን ብሎ ጽፎ እንደሚፈልግ እንወቅ። ያንን ቃል ነው የምናስገባው" አለች።
"በሩ ላይ ተጽፎ የለ? ሰላም አልጋና ምግብ ቤት።"
"ሰላም የሚባል ከዚህ እስከ ጅቡቲ ስንት አለ?"
እውነቷን ነው። ስሙ ሞልቷል፣ ሰላሙ ነው የጠፋው።
አንድ ነገር አስጠነቀቅኳት። የአስረሳችን ጥብስ ፎቶ አንሺ፣ ፊቷን እንዳታነሺ። አስረሳች ምግብ የምትሠራልኝ ናት። ከአዋሽ ሸሽታ ስትመጣ የፊት ጥርሶቿ አልነበሩም። ባሏ ትግሉ፣ የእርሻ ዘበኛው፣ በቆመጥ ነው ያረገፋቸው። "ብትሄጂ ፈልጌ አርድሻለሁ" ብሏታል። ከሾፌር ጋር አይውል፣ ወዲህ መንገድ አያውቅ... የት እንዳለች አልሰማም። አይስማ።

ሚያዝያ 17
ከመኪና መኪና ስዞር ዋልኩ። ስልክህ ላይ ምን ብለህ ነው አልጋ የምትፈልገው እያልኩ።
"እትዬ ውባንች፣ እኔስ የምፈልገው ሚስት ነው" አለኝ አንዱ።
"በዚህ ፊትህ መብራት ሲጠፋ ፈልግ" አልኩት።
አንዱ "ሎጊያ ኤሲ ያለው አልጋ" ብሎ ነው የሚጽፈው። አንዱ "ሎጊያ ጥበቃ ያለው ማቆሚያ"። ባለፈው መንገድ ዳር አድሮ ናፍጣ ሊቀዱ የመጡ ሌቦች የረዳቱን ጭንቅላት በፌሮ ፈንክተውበታል። ታዲያ ጥበቃ ቢል ይፈረድበታል?
ታዴዎስ፣ ቦቴ የሚነዳው የድሮ ደንበኛዬ፣ ሳቀብኝ። "ያንቺን ቤት በታፔላው ማን ያውቀዋል? ሾፌር ቤትን የሚጠራው በምታበስለው ሴት ነው። አስረሳች ጋ እንብላ፣ አስረሳች ጋ እንደር ነው የምንባባለው።"
ትዝታ ዘለለች። "በቃ እማ፣ ቃሉ ይሄ ነው!" አስገባችው።
ፊቷን ደብቄያለሁ አይደል? ስም ምን ያደርጋል...
አስረሳች ሰማች። ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። አንገቷን ደፍታ መክተፏን ቀጠለች። እኛም አልጠየቅናት።

ሚያዝያ 28
አልጋው ሞላ። ማዶ ያለው ባለ ሆቴል ሲያየኝ ፊቱን ያዞራል። ይዙር።
ትዝታ ሰው በምን ቃል ፈልጎ እንዳገኘን ታያለች። "አስረሳች ሎጊያ" ይበልጣል። "አንዱ ደግሞ 'አስረሳች አዋሽ' እያለ ይመላለሳል፣ እማ።"
"አዋሽ ላይ የራበው ሾፌር ነዋ።"
ተሳሳቅን።

ግንቦት 2
የዛሬውም ይጻፍ።
ቀትር ነበር። በቀትር ሎጊያ ሬሳ ናት፣ ሁሉ ተኝቷል። አንድ ቀጭን ሰው ገባ። ትሁት። ጃኬት ክንዱ ላይ ጣል አድርጓል። በዚህ ሙቀት ጃኬት? አልኩ በሆዴ። ተውኩት።
"እማማ፣ ኢንተርኔት ላይ አይቼ ነው የመጣሁ። የአስረሳች ጥብስ አለ?"
ደረቴን ነፋሁ። እኔው ነኝ የጠራኋት። "አስረሳች፣ ነይ ውጪ፣ ስልክ ያመጣልሽ እንግዳ ነው።"
እጇን እየጠረገች ወጣች። አየችው። ቆመች። ለምን አልሮጠችም?
"ለሰው ትጠብሻለሽ አሉ" አለ። ቆመጡ ከጃኬቱ ውስጥ ወጣ። መጀመሪያ ክንዷን። ሲሰበር ሰማሁት፣ እንደ ደረቅ እንጨት። ከዚያ ጀርባዋን። ወደቀች። የጮህኩት እኔ ነኝ። ፀጉሯን ጨምድዶ አንገቷን ቀና አደረገ። ሌላው እጁ ኪሱ ገባ... ሴንጢ።
የበርበሬው ዘነዘና በሩ ጥግ ነው የሚቆመው። መቼ እንዳነሳሁት አላውቅም። ጉልበቱን አልኩት። ሲጎነበስ ትከሻውን። ቀጥሎ እጁን፣ መሬት ላይ እንዳለ። ጣቶቹ ደቀቁ። "እማማ ይበቃል" ይላል። እማማ ይለኛል። ለእኔ አልበቃኝም። ጎረቤቴ ኢህሳን፣ ጎሚስታው፣ ሮጦ መጥቶ ወገቤን ያዘኝ።
"እናቴ፣ በአላህ ተይው። ትገድይዋለሽ።"
"ልግደለው" አልኩ። የምሬን ነው። አሁንም የምሬን ነው።

ግንቦት 3
ፖሊስ ወሰደው። ደሙን ሳጥብ ዋልኩ። አይለቅም።
ፊቷን ደብቄ ስሟን ሰጠሁት።

ግንቦት 9
አስረሳች ክንዷ በጀሶ ታስሮ ከሆስፒታል መጣች። ትዝታ እያለቀሰች ስሟን ከገጹ አጠፋች።
"እትዬ፣ ተመልሶ ቢመጣስ?" አለችኝ አስረሳች።
ዘነዘናውን አንስቼ ከምድጃዋ አጠገብ አቆምኩላት። 

ሰኔ 6
ትግሉ በዋስ ወጣ አሉ። እያነከሰ።
አስረሳች በአንድ እጇ ትጠብሳለች። ሂጂ ብላት አልሄደችም። "ስንት ጊዜ ልሽሽ?" አለች።
ከሰዓት ትዝታ ኮምፒውተሯን ይዛ መጣች። "እማ፣ 'አስረሳች' ብሎ የሚፈልግ እየጠፋ ነው። አሁን ምን እያሉ እንደሚፈልጉን ታውቂያለሽ? 'ዘነዘናዋ ጋ፣ ሎጊያ'።"
ሾፌሮቹ ናቸው። ታዴዎስ ከጋላፊ ድንበር እስከ አዋሽ አውርቶት ይሆናል። ዘነዘናዋ እኔ ነኝ እንግዲህ። በእርጅናዬ ስም ወጣልኝ።
"ያንቺ ስም ነው። ካልፈለግሽ አላስገባም" አለች። ዛሬ ጠየቀች። ተማረች፣ እኔም ተማርኩ።
አስረሳች ምድጃው ጋ ቆማ ሳቀች። አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ ዛሬ ገና ማየቴ ነው።
አስገቢው አልኳት። ፎቶዬንም አንሺና ለጥፊው፣ ከነዘነዘናዬ። ትግሉ አዋሽ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ መጀመሪያ እኔን ያግኝ።