ከሄድሽ በኋላ የደረሰው ሶይ ሶስ

ማርታዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለያየን ወዲህ ብርዱ አልፏል፤ የጃካራንዳውም አበባ ረግፎ አልቋል። እኔ ግን ዛሬም አንቺን «ነበረች» ማለት አልለመድኩም። ራሴን አመመኝ ብለሽ ከሰዓት በኋላ ጋደም አልሽ፤ ሲመሽ ባዶ እጄን ከሆስፒታል ተመለስኩ። ይኸው እስካሁን ድንግጥ እንዳልኩ ነኝ።

ጻካኔ በሚባለው የስደት ሰፈራችን ያለው ስፓዛ ሱቃችን ክፍት ነው። ደንበኞችሽ «ማማ ማርታስ?» ማለቱን ትተዋል። ልጃችን ቤዛ ግን የኔን ምግብ አትበላም። እንዳይከፋኝ ብላ «ጠግቤያለሁ አባ» ትለኛለች፤ ከዚያ ደረቅ ዳቦ ይዛ ወደ ክፍሏ ትገባለች።

ባለፈው ቅዳሜ ወይዘሮ ሃን ሱቁ ደጃፍ መኪናዋን አቁማ ወረደች። ኮሪያዊቷ አሠሪሽ፣ ምግብ ቤቷ ወጥ ቤት ውስጥ አብረሻት የምትውዪው።

«የማርታ ጋን ደርሷል፤ ኑና ውሰዱ» አለችኝ።

ማርታ እኮ ሞታለች ልላት አፌን ከፈትኩ። ቀብርሽ ላይ አጠገቤ ቆማ ስታለቅስ እንደነበር ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። ሱቁን ቆልፌ፣ ቤዛን ይዤ ተከተልኳት።

ከምግብ ቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ከተደረደሩት ጋኖች አንዱን ከፈተችው። ተቀቅሎ፣ ተወቅጦ፣ እንደ ጡብ ደርቆ የሻገተ አኩሪ አተር፣ ከመሄድሽ በፊት ሶይ ሶስ እንዲሆን በጨው ውሃ ዘፍዝፈሻል፤ ከላዩ ከሰልና ቀይ በርበሬ ጣል አድርገሽበታል። «ካማረልኝ ለባሌ እነግረዋለሁ፤ ከተበላሸ ይስቅብኛል» ብለሻት ነበር አሉ።

የጋኑን አፍ ይዤ ቁጭ አልኩ። አንቺ አፈር ከገባሽ በኋላ እጅሽ የነካው ነገር ሲበስል ነበር! ለቅሶተኛው ሲበተን፣ ልብስሽን ሳከፋፍል፣ ይህ ጋን ፀሐይ እየሞቀ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ወይዘሮ ሃን ፈሳሹን ከዝቃጩ ለይታ አፈላችው። እኛ ሱቅ ከምንሸጠው ጥቁር ሶይ ሶስ ፈዘዝ ያለ ነው፤ ጨውነቱ ግን ምላስ ይይዛል። «ለሾርባ ነው፤ መረቁን አያጠቁረውም። በጨው ፈንታ ትንሽ ብቻ ጠብ አድርግ» አለችኝ።

ቤት ገብቼ የበሬ ሥጋና ነጭ ፍጅል ቀቀልኩ፤ ከዚያ አንድ ማንኪያ ጨመርኩበት። ቀመስኩት፤ ደግሜ ቀመስኩት። ስንታመም የምትሠሪልን ሾርባ ነው! «ምን ጨምረሽበት ነው?» ስልሽ «እጄን» ብለሽ የምትስቂበት። ለካ ሶሱን ከወይዘሮ ሃን እየወሰድሽ ስታበዪን ኖረሻል።

ቤዛ አንዴ ፉት አለችና ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ መቼ ሠራችው?» አለች። መልሴንም አልጠበቀችም፤ ሳህኗ እስኪጠራ በላች፤ ደገመች፤ ከዚያ ከሄድሽ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ለቅሶ ጭኔ ላይ ተደፍታ አለቀሰችው።

ያልቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። ወይዘሮ ሃን ግን ከዚህኛው ጥቂት አስቀርቼ ለከርሞ ከሚሠራው ጋር እንድቀላቅለው መከረችኝ፤ እናቷም እንዲያ ያደርጉ ነበር አሉ። ነሐሴ ሲመጣ፣ የዚህ አገር ብርድ ሲያልቅ፣ ከልጅሽ ጋር ወይዘሮ ሃን ግቢ ገብተን የራሳችንን እንዘፈዝፋለን። ቢበላሽብኝም እንደገና እጀምራለሁ።

አልረሳሽም፣ ዓለሜ። ልርሳሽ ብል እንኳ ቤዛ ሳህኗን ዘርግታ ያንቺን ሾርባ ትጠይቀኛለች።

የአንቺው ባል