ከአናት ላይ እየተጠቀሰ የተበላ ቅቤ

ቦሌ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 6 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለቶሌሳ፤

የኪየቭ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? «እኛ ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሕክምና ለሚማር ልጅ እንዲህ መዋሸት አሳፈረኝና ሰረዝኩት። አባትህ ጭንቅላቱን ተመቷል። ማንም አልመታውም፤ በዚህ ዘመን ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው። የመታው መሬት ነው።

ለአብዮት በዓል ከጎረቤት ቀበሌ ጋር ገመድ ጉተታ ገጥመን ነበር። ሊቀመንበራችን ጓድ ሐዱሽ፣ በየስብሰባው «የበዝባዥ ቦርጭ» እያለ የሚሸነቁጠውን የአባትህን ሆድ አየት አድርጎ፣ «ጓድ ጎበና፣ ይህ ክብደት የሰፊው ሕዝብ ሀብት ነው!» አለና የገመዱን ጫፍ ወገቡ ላይ አሰረለት። አባትህም ኩራቱ ለጉድ ነበር። ጠዋት ለጉልበት ብሎ ቅቤ የዋኘበት ገንፎ ጥርግ አድርጎ በልቷል። እነዚያ ሲደክማቸው ገመዱን በአንዴ ለቀቁት። አሸነፍን። ሰዉ ሲያጨበጭብ አባትህ በጀርባው ሄዶ ድንጋይ ላይ ተዘረረ።

ጎረቤቱ ሁሉ «ወፍራም ሰው ሲወድቅ አይጎዳም» እያለ አጽናናኝ። ሐኪሙ ግን፣ «እትዬ፣ ጭንቅላት ላይ ፍራሽ የለም» አለኝ። ውፍረቱ ደም ግፊትና ስኳር አምጥቶበታል፤ የአንጎሉን ደም ሥሮችም ቀድሞ ጎድቷቸዋል፤ እንዲህ ያለ አንጎል ሲመታ ቶሎ አያገግምም አለ። ቅቤ፣ ጮማና ስኳር ከለከለው።

«ይሄ ሐኪም ነው ወይስ አበምኔት?» አለ አባትህ።

ከዚያ አክስትህ ደሪቱ ከለገጣፎ ለጋ ቅቤ ይዛ ከተፍ አለች። «አትብላ አለው እንጂ አትቀባ አላለውም» ብላ አናቱ ላይ ለደፈችለት። በማግስቱ ቅቤው የለም። እንደገና ቀባችው፤ እንደገና የለም።

«አየሽ አዝመራ፣ አንጎሉ እየጠጣው ነው!» አለችኝ። እኔም ሞኟ ደስ ብሎኝ ቅቤ አቀብላታለሁ።

ሐሙስ ከገበያ ቀደም ብዬ ብመለስ፣ አባትህ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ዳቦ እየቆረሰ ከአናቱ እያጠቀሰ ይጎርሳል!

«ጎበና! ምን እያደረግህ ነው?»

«መድኃኒቴን እየወሰድኩ።»

«በአፍህ?»

«ከአናት እስከ አፍ ስንት ፌርማታ አለው ብለሽ ነው?»

ደሪቱና እኔ ሳቅ ጣለን። እሱም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ አንድ ጉርሻ አዘጋጀና፣ «በይ ቶሌሳን ጥሪው፤ ውጭ እየተጫወተ ነው፣ ይቅመስ» አለኝ።

«ትምህርት ቤት ነው» አልኩት። ውሸትም አይደል።

አሁን ቅቤው በአፍም በአናትም ቆሟል። ጠዋት ጠዋት በእግር እናዞረዋለን፤ ጎመንም እየተሳደበ ይበላል። ቦርጩ ጎደል ብሏል፤ ጓድ ሐዱሽ ለሚመጣው በዓል ከወዲሁ ተጨንቋል። ሐኪሙ «ትውስታቸው በዝግታ ይመለስላቸዋል» ብሎኛል። አንተም መጻሕፍትህን አገላብጠህ «እውነቱን ነው» ብለህ ጻፍልኝ፤ ሌላ ነገር ካገኘህ ግን ገጹን እጠፈው።

ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ። ይልቅ የአሁን መልክህን የሚያሳይ ፎቶ ላክ። ከጀርባው «ልጅህ ቶሌሳ፣ ኪየቭ የምማረው» ብለህ በትልልቁ ጻፍበት። ለእኔ እንኳ አያስፈልገኝም።

እመብርሃን በበረዶው ላይ እግርህን ታጽናልህ፤ ለወግ ለማዕረግ ታብቃህ።

እናትህ አዝመራ