ወንድሜ አልጠፋም

ለምወድህ ወንድሜ ለይትባረክ፤

ደቡብ አፍሪካ እንዴት ይዛሃለች? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እዚህ ቡታጅራ ከነልጆቻችን ደህና ነን።

የአባታችን ልጅ ባልቻ ቤትህን ለመውረስ ፈልጎ፣ «ይትባረክ መጥፋቱ ይወሰንልኝ» ብሎ ፍርድ ቤት አመለከተ። ዳኛውም «የሚቃወም ካለ ይቅረብ» የሚል ማስታወቂያ በጋዜጣ እንዲወጣ አዘዙ። ስምህን እዚያ ላይ አነበብኩት።

ባልቻ፣ «አንቺም እኮ ድርሻሽን ታገኛለሽ» አለኝ።

«የቁም ሰው ቤት አልካፈልም!» አልኩት።

ጋዜጣውን ይዤ ችሎት ቀረብኩ። ዳኛው፣ «ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልሽ መቼ ነው?» ሲሉኝ፣ «ድሮም ስልክ አይወድም» አልኳቸው።

«ሦስት ዓመት ሙሉ?»

«እህቱ አልጠፋም ብላለች ብለው ይጻፉልኝ» አልኩ። ጻፉት። የእጅ ጽሑፍህን ወይም ድምፅህን እንዳቀርብም እስከ ኅዳር ቀጠሮ ሰጡኝ።

ቤትህን ቀለም አስቀብቼዋለሁ፤ ቁልፉ ከአንገቴ አይወርድም። ባልቻ ሽማግሌ ቢልክም መልሻቸዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ገልብጬ፣ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ወደ ሦስት ከተማ ለሚሄዱ ሦስት መንገደኞች ሰጥቻለሁ። የትኛውም ቢደርስህ፣ ሁለት መስመር ብቻ በእጅህ ጻፍልኝ። ስድብም ቢሆን ግድ የለኝም።

ደጅህን ከፍቼ ለመቀበል ያብቃኝ።

እህትህ ዘርፈሽዋል