አቤት ያልኩበት መጋዘን

ይድረስ ለሽፈራው፣

ስምህን ጻፍኩና ቁጭ ብዬ አየሁት። ቤትህ ከገባሁ ጀምሮ “አንተ ሰው” እንጂ ሽፈራው ብዬህ አላውቅም። ባልን በስሙ መጥራት ነውር ነው ብላ ያሳደገችኝ እናቴ ናት። ደብዳቤ ሲጻፍ “ለጤናህ እንደምን ከርመሃል” ይባላል፤ አንተን ስለ ጤና መጠየቅ ቀልድ ስለሚሆንብኝ ልተወው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላን ነው። የሸኘንህ ነሐሴ ላይ፣ ጭጋጉ ሳይገለጥ ነበር። አሁን ጥር እያለቀ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሜዳውን ያነጣዋል። ሙት ዓመትህንም በወጉ አውጥተናል፤ የመጣው ሰው ብዛት አንተን ራስህን ያሳፍርህ ነበር።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። ስትከፈት የምትጮኸውን በር የሰናይት ባል አበጃት። ልጃችንን አክብሮ የያዘ ጥሩ ሰው ነው፤ ስለ በሩ ግን እስካሁን አኩርፌዋለሁ። አንተ ከሥራ ስትገባ የሚሰማው ድምፅ የበሩ ጩኸት ብቻ ነበር፤ እሱንም ዘይት ቀብቶ ዝም አሰኘው። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች። የበጎቹን ቤት ጣሪያ ዘንድሮ በጓሳ ሣር አስከደንኩት፤ ተከልሎ የቆየውን ማጨድ ስለተፈቀደ ለኛም ደረሰን። የበግ ጠጉር ባናህን እኔ እለብሰዋለሁ። ሰናይት ታጥፎ ለመታሰቢያ ይቀመጥ ብላኝ ነበር። በዚህ ብርድ ባና ታጥፎ ይቀመጣል?

ቤቱ ጸጥ አለ ብዬ አላማርርም፤ አንተም እያለህ ጸጥ ያለ ነበር። “ዝም አይነቅዝም” ትላለህ፤ እውነቱን ለመናገር ከአፍህ ከሚወጡት ጥቂት ቃላት አብዛኞቹ እነዚሁ ነበሩ። ስሜንማ ከነጭራሹ አታነሳውም። “አንቺ” ነበርኩ። ቀየት ገበያ የተጠፋፋንበትን ቀን ታስታውሳለህ? በግ ተራው ላይ ቆመህ “ኧረ አንቺ!” ብለህ ስትጣራ ከገበያው ሴት ግማሹ ዞረ። እኔ አልዞርኩም። ስሜን እስክትጠራ ብዬ ከጌሾ ሻጯ ጀርባ ቆሜ እየሰማሁህ ነበር። አልጠራህም፤ ዞረህ ዞረህ አገኘኸኝና አህያዋን ነድተህ ፊት ፊት ሄድክ። ታምሜ ጤና ጣቢያ የወሰድከኝ ጊዜም ነርሷ ስሟ ማን ነው ብትልህ “የኔ ቤት ናት” አልካት። በትኩሳት እየተንቀጠቀጥኩ፣ አግዳሚው ላይ እንደተጋደምኩ ስሜን የተናገርኩት እኔው ነኝ። ይህን ለጎረቤት ሳወራ እስቅበታለሁ። አንድ ቀን እንኳ አስካለ ብትለኝ እያልኩ ግን አረጀሁ።

ገብስ የሚገዛው ድርጅት መጋዘኑን ከከተማው ዳር ሠርቶ አንተን በተሸካሚነት ከቀጠረህ ወዲህ፣ በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ግዢው ጋብ ሲል፣ ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ይጋበዛል። አንተም በየዓመቱ፣ በሩ ላይ ጀርባህን ሰጥተኸኝ፣ “ትመጫለሽ?” ትላለህ። “ቤቱን ማን ይጠብቃል?” እልሃለሁ። ሁለተኛ አትጠይቅም። አስካለ፣ ተነሽ እንሂድ ብትለኝ ኖሮ ቤቱን ጅብ ይጠብቀው ብዬ እከተልህ ነበር። አንተ አላልክም፣ እኔም አልተነሳሁም፤ እንዲሁ ሆነን ኖርን። መጋዘኑ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ነፋሱ ወደኛ ሲዞር፣ ጆንያ ስታነሱ የምትጮኹት ደጄ ድረስ ይመጣል፤ ቃሉ አይለይም እንጂ ጩኸቱ ይሰማል። እኔም ገብስ እያሰጣሁ፣ “ደግሞ ጀመራቸው” እላለሁ። ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው እውነት ነው።

ዘንድሮ ደምሴ መጣ፤ ያ ከአንተ ጋር የጆንያውን ሌላ ጫፍ ሲይዝ የኖረው ጓደኛህ። አምና ገና ከል ለብሼ ስለነበር ሳይጠሩኝ ቀሩ። ዘንድሮ ግን በር ላይ ቆሞ “የሽፈራው ቦታ ባዶ አይሆንም፤ እርስዎ ይቀመጡበታል” አለኝ። ቤቱን ማን ይጠብቃል ልል አፌን ከፈትኩና የሚጠበቅ ነገር አጣሁ። ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኩት።

መጋዘኑ ውስጡ እንዲያ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። ወለሉ ተጠርጎ፣ አግዳሚ ተደርድሮ፣ ከቆርቆሮው ሽንቁር የሚገባው ፀሐይ አቧራው ላይ ያርፋል። የገብሱና የጆንያው ሽታ ሲያውደኝ አንገትህ ሥር ያለሁ መሰለኝ። ሥራ አስኪያጁ በድምፅ ማጉያ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ማጉያው ግማሹን ዋጠው፤ የተቆጨ ሰው ግን አላየሁም። ቄሱ ባርከው ምግብ ሊቀርብ ሲል፣ ራቤል ካለው ሌላው መጋዘን የተጋበዙት ሠራተኞች በጭነት መኪና ደረሱና መቀመጫ ጠፋ። ግድግዳውን ተጠግቶ የተከመረውን ጆንያ ወደ አንድ ጥግ ማሸሽ ግድ ሆነ። ተሸካሚዎቹ የክት ኮታቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉና፣ ጆንያውን ጨብጠው፣ በአንድ አፍ፣

“አስ–ካለ!”

“አቤት!” ብዬ ብድግ አልኩ።

ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከመርሐቤቴ የመጣ አንድ አዲስ ተሸካሚ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ቀረብ ብሎ፣ “እርስዎን አይደለም እናቴ፤ ጆንያውን ነው። እስካለ ማለታችን ነው፤ ጉልበት እስካለ” አለኝ። አፍሬ ልቀመጥ ስል ደምሴን አየሁት። የያዘውን ጫፍ ለቆ ቆሟል።

“እስካለ አይደለም” አለው። “አስካለ ነው። እሳቸው ናቸው። የሽፈራው ባለቤት።”

ሳቁ ቆመ። ደምሴ አጠገቤ ተቀምጦ ነገረኝ። ሥራ እንደጀመራችሁ ሌላው “ያ ሆ” እያለ ሲያነሳ አንተ ብቻህን አስካለ ትል ነበር አሉ። ቀለዱብህ፤ አንተ እንደ ልማድህ ዝም አልክ፣ ግን አልተውክም። ቀልዱ ሲሰለቻቸው እነሱም አብረውህ ይሉት ጀመር፤ ኋላማ እሱን ካላሉ ጆንያው የማይነሳ መሰላቸው። ወደ ራቤል የተዛወሩትም ይዘውት ሄዱ። እኔ ራቤልን ረግጬው አላውቅም፣ ስሜ ግን እዚያ ጆንያ ያነሳል። ስትምልም “አስካለ ትሙት” ነበር አሉ፤ እሱን ካልክ ክርክሩ ያበቃል። አዳዲሶቹ የሰው ስም መሆኑን እንኳ አያውቁም።

ሽፈራው፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ለጆንያ የሰጠኸውን ለኔ ነፈግኸኝ? እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነፋሱ ሲያመጣልኝ የኖረው ጩኸት ስሜ ነበር። የከበደህን ሁሉ በኔ ስም ስታነሳ ውለህ፣ ማታ ደክሞህ ገብተህ፣ እራትህን በልተህ “አንቺ፣ በሩን ዝጊው” ትለኛለህ። እኔም እዘጋለሁ። አንዲት ጥር፣ አንዲቷን ብቻ፣ እሺ ብዬ መጥቼ ቢሆን ከአንተው አፍ እሰማው ነበር። አሁን ከሰው አፍ ሰማሁት፤ ያንተ ድምፅ አስካለ ሲል ምን እንደሚመስል ሳላውቅ እሞታለሁ። የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ዝም አይነቅዝም ስትል ኖርክ፤ የኛ ግን ነቀዘብን።

ዓይኔን ጠርጌ ቀና ስል ተሸካሚዎቹ ጆንያውን መልሰው አስቀምጠውታል። የትልቅ ሰው ስም፣ የስሙ ባለቤት ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ እንዴት በሸክም ላይ ይጮኻል ተባብለዋል። ደምሴም ኮፍያውን አውልቆ፣ “ይቅር ይበሉን፤ ከእንግዲህ ሌላ ቃል እንፈልጋለን” አለኝ። በአክብሮት ነው ያለው። እነሱ ከተዉት ግን አንተ እንደጠራኸኝ የሚጠራኝ ሰው በዚህ ምድር ላይ አይኖርም። ጭራሽ ዛሬ ገና አግኝቼው ዛሬውኑ ልቀብረው ነው? ነጠላዬን አጣፍቼ ክምሩ አጠገብ ሄድኩ።

“አንሱ!” አልኳቸው። “በስሜ ካላነሳችሁ እኔ እዚህ ቤት እህል አልቀምስም።”

እርስ በርስ ተያዩ። ቀድሞ ጎንበስ ያለው ያ የመርሐቤቴው ሰው ነው። ሌሎቹም ተከተሉት። “አስ–ካለ!” አሉ፤ ጆንያው ተነሳ። እኔም አቤት አልኩ። ክምሩ እስኪያልቅ እነሱ ጠሩ፣ እኔ አቤት አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ማጉያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ከቀኑ ንግግር ሁሉ ያ የተሻለ ነበር። መጨረሻው ላይ እኔው ሳቅ አመለጠኝ። ደምሴ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

ይህን ስጽፍልህ ነፋሱ ከመጋዘኑ በኩል ነው። መኪና እየጫኑ ነው መሰለኝ፣ ደጋግመው ይጮኻሉ። ዛሬ ቃሉን ለይቼ እሰማዋለሁ። አቤት ስል የሰማችኝ ሰናይት፣ እማዬ ከማን ጋር ነው የምታወሪው እያለችኝ ነው፤ ከአባትሽ ጋር ስላት ደነገጠች። በየዓመቱ ጥር ላይ እሄዳለሁ፣ ቦታህ ላይ እቀመጣለሁ። እናቴ በመቃብሯ ትቆጣ እንደሆነ ትቆጣ፣ አንተንም በስምህ እጠራሃለሁ። ያ የመርሐቤቴ ሰው ለካ ብዙም አልተሳሳተም።

አቤት፣ ሽፈራው። እስካለሁ፣ አቤት።

አስካለ