ጸጥ ያለው ክፍል

ኅዳር 9

ክፍሌ ውስጥ ሁለተኛ አስተማሪ አስገብተውብኛል።

እህት ዓለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ባልሽን ወገቡን ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ስትደውይ "የምጠይቅሽን ትተሽ ሌላ ትመልሻለሽ" ብለሽ ተቆጣሽ። በአፍሽ እያጉተመተምሽ የምታስቸግሪኝ አንቺ ነሽ። የምትደብቂኝ ነገር ካለ ቁርጡን ጻፊልኝ።

ስለ አስተማሪዋ ልንገርሽ። ገና ከኮሌጅ የወጣች ናት፤ በልቤ "ጩጬዋ" እላታለሁ። ዳይሬክተሯ "ካንቺ ሥራ ትማር" ብላ አመጣቻት። የምትማረው ግን ስልኳን ደቅና እኔን በመቅረጽ ነው።

"እትዬ፣ አዲሱ ስልጠና እኮ ነው፤ እርስ በርስ እየተያየን የምናድግበት" አለችኝ።

"አንቺ እደጊ፤ እኔ ያደግሁት ይበቃኛል" አልኳት። ሳቋ ከጥርሷ አላለፈም።

አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ሙያውን ያስያዝኩሽ እኔ ነኝ። እኛ ስንጀምር ጥሩ አስተማሪ ማለት ክፍሏ ጸጥ ያለላት ነበረች። በጩኸት ሞከርኩ፣ በቁጣ ሞከርኩ፣ በኋላ በዘፈን። ተንበርክኮ በልጅ ዓይን ልክ ሆኖ ማነጋገርን ለመማር እንኳ ስንት ዓመት ፈጀብኝ። ካምና ወዲህ ግን ክፍሌ ጸጥ አለልኝ፤ ቁጣም ዘፈንም ሳያስፈልገኝ። ልምድ ማለት ይሄ ነው ብዬ በሆዴ ኮራሁ። ጩጬዋ ገና በመጀመሪያው ቀን ጆሮዋን ይዛ፣ "እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ጫጫታ እንዴት ቻሉት?" አለችኝ። ቅናት ነው አልኩ።

የመምህራን ማረፊያውም ተለውጧል። ስገባ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ድሮ ሐሜታቸው ግቢው በር ድረስ ይሰማ ነበር፤ አሁን የሚንቀሳቀሰው ከንፈራቸው ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ የቁም ሣጥኑ በር የአንዱን ልጅ ጣት ያዘው። እኔ ሰሌዳ እያጸዳሁ ነበር። ዘወር ስል ጩጬዋ አቅፋዋለች፤ ልጁ በእንባ ታጥቧል። ከክፍሉ ጥግ ሮጣ ቀደመችኝ። ለመታየት ነው አልኩ። ልጁ ግን የቆመው በግራዬ፣ ክንዴን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ነበር።

ትናንት ቢሮ ጠሩኝና ቪዲዮውን ከፈቱት።

"ድምፁን ጨምሩት" አልኩ።

"እስከ መጨረሻው ተጨምሯል" አለች ዳይሬክተሯ። እሷና ጩጬዋ ተያዩ። ይኸው ተጠቃቀሱ፣ አልኩ በልቤ።

ተረት የማነብበት ሰዓት ነው። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ከበውኛል፤ እኔ መጽሐፉ ላይ አቀርቅሬያለሁ። በግራዬ ያሉት እጃቸውን ያወጣሉ፣ አፋቸው ይከፈታል፣ ይጠብቃሉ። ከዚያ አንድ በአንድ እየዳኹ በጀርባዬ ዞረው ወደ ቀኝ ይመጣሉ። ተረቱን ሳልጨርስ የግራው ምንጣፍ ባዶ ቀረ፤ በቀኜ ተደራርበው ተቀምጠዋል። አዲስ የገባው ልጅ ብቻ እዚያው ነው። ያቺ ወሬኛ የምልሽ ልጅ ሄዳ እጁን ጎተተችና አንድ ነገር አለችው።

"ምን አለችው?" ብዬ ጠየቅሁ።

ጩጬዋ ከወንበሯ ተነስታ ወደ ቀኜ ዞረች። ልክ እንደ ልጆቹ።

"'እዚያ ሆነህ ብትጠራት አትሰማህም፤ እኛ ሁልጊዜ በዚህ ነን' ነው ያለችው፣ እትዬ።"

"እዚያ ጋ ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ ለዚያ ነው" አልኩ።

ዳይሬክተሯ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ቃል በቃል እየለየች፣ "ወይ ሐኪም ትታያለሽ፣ ወይ ክፍሉን ለእሷ ታስረክቢያለሽ" አለችኝ። አላልኩሽም? ዞሮ ዞሮ የተፈለገው ቦታዬ ነው።

ያ ባዶ ምንጣፍ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። እኔ መንበርከክን ለመማር ዓመታት ፈጀብኝ፤ እነሱ በጀርባዬ መዞርን ማንም ሳያስተምራቸው ለመዱት።

ዛሬ ለክፍሉ ከለር ልገዛ ወጣሁ። የጆሮ ሐኪሙ ከሱቁ ማዶ ነው፤ መንገዴ ስለሆነ ብቻ ገባሁ። ይህን የምጽፍልሽ ወረፋ መጠበቂያው ወንበር ላይ ነው። እዚህም ያው ነው፤ ከኋላዬ የመጡት እየቀደሙኝ ይገባሉ። ዘመድ ሳይኖራቸው አይቀርም። ትቼው ልሄድ ነው።

አሁን በግራዬ የተቀመጠችው ሴትዮ ትከሻዬን ነካችኝ። "እርስዎን እኮ ነው ደጋግማ የምትጠራው" አለችኝ። ነርሷ በሩ ላይ ካርድ ይዛ እያየችኝ ነው።

ልነሳ። ከለሩን ገና አልገዛሁም። ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ ክፍልሽንም በጫጫታ ይሙላልሽ። እንግዲህ ስትደውይ ስልኩን በቀኝ ጆሮዬ እይዘዋለሁ።

እህትሽ