የአውስትራሊያውያኑ ካሴት

ኅዳር ፱ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.፣ መካኒሳ

መርከበኛው አጎቴ ያመጣልኝን ካሴት ዛሬ ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። የአንድ የአውስትራሊያ ባንድ የመጀመሪያ አልበም ነው። ጊታሩ ይጣደፋል፤ ዜማው ግን አንዴ ጆሮ ከገባ አይወጣም። በአንዱ ዘፈን አዝማች ላይ ሦስት ሰዎች አብረው ይዘፍናሉ። ሦስተኛው ድምፅ የቱ ጋ እንደሆነ ለመለየት ከታች በኩል አብሬ እያንጎራጎርኩ ደጋግሜ ወደ ኋላ አጠነጠንኩት።

አባባ ድንገት ገቡ። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ፣ የመዘምራን መሪ የነበሩት አባቴ አንጎራጉረው እንኳ አያውቁም። ዓለማዊ ዘፈን ስሰማ ስላገኙኝ የሚቆጡ መስሎኝ ቴፑን ላጠፋ ተነሳሁ።

«ተዪው» አሉና ቁጭ ብለው አዳመጡ። «ሦስተኛው ድምፅ ከታች አይደለም፣ ከላይ ነው። አንቺ ዋናውን ዜማ ያዢ።»

መስኮቱን ዘግቼ ጀመርኩ። አባባ በላይኛው ድምፅ ገቡ። ድምፃቸው እንዲህ ጥርት ያለ መሆኑን ረስቼው ነበር።